«አገኘ» የተባለው ገንዘብ የማን ነው? ስለ ስታርትአፕ ዜና አማርኛ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን የሚመለከት ክርክር በተነሣ ቁጥር ዐይናችን በቅድሚያ የሚያርፈው በባዕድ ስሞች ላይ ነው። «ስታርትአፕ»፣ «ኢንቨስተር»፣ «ፕላትፎርም»፣ «ቬንቸር ካፒታል» የሚሉ ቃላት በአንድ የዜና አንቀጽ ውስጥ ተደርድረው ሲገኙ፣ አንዱ ወገን ቋንቋው ተበረዘ ብሎ ይቆጫል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ዘመን ያመጣውን መቀበል ግድ ነው ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሒስ ከሁለቱም ወገኖች የተለየ ነው። ስለ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በአማርኛ በሚጻፈው ዜና ውስጥ አንባቢን ይበልጥ የሚያሳስተው የተዋስነው ስም ሳይሆን የገዛ ራሳችን ግሥ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ይህን የምንለውም እንደ አንባቢ ሆነን፣ ይህን የመሰለ የዜና ማሠራጫ ለሚያቋቁሙና ወደፊትም ለማቋቋም ለሚያስቡ ሁሉ አስተያየታችንን ለመስጠት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ «ወጣቶች ያቋቋሙት አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት 2 ሚሊዮን ዶላር አገኘ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት። ዓረፍተ ነገሩን ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ ዐይነቱ ግን ለዜና አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከ«ቴክኖሎጂ»፣ ከ«ሚሊዮን»ና ከ«ዶላር» በቀር የባዕድ ቃል የለበትም፤ ሰዋስውም አልጎደለውም። ይሁንና ዓረፍተ ነገሩን አራት ሰዎች ቢያነቡት አራት ነገር ሊረዱ ይችላሉ። አንደኛው ድርጅቱ ሠርቶና ሸጦ ያተረፈው ገንዘብ ይመስለዋል። ሁለተኛው ተወዳድሮ የተሸለመው ነው ይላል። ሦስተኛው ርዳታ ነው ብሎ ይገምታል። አራተኛው ብድር መሆኑን ይጠረጥራል። በእንዲህ ያለ ዜና ውስጥ በአብዛኛው የሚነገረው ድርጊት ግን ከአራቱም አንዱን አይደለም፤ ድርጅቱ ከባለቤትነቱ ላይ ቆርሶ ለሌላ ሰው ሸጧል። ዜናው ዋናውን ድርጊት፣ ማለትም ሽያጩን፣ አልነገረንም።

ሀ) ስለ ግሡ

«አገኘ» ትርጉሙ ሰፊ ነው። በጉ የጠፋበት ሰው ፈልጎ ሲያገኘው «አገኘ» ይባላል፤ ገበያ ውሎ የተመለሰ ነጋዴም «ዛሬ ይህን ያህል አገኘ» ይባላል፤ ሎተሪ የወጣለትም እንዲሁ። በሦስቱም ዘንድ የጋራ የሆነው ባሕርይ፣ የተገኘው ነገር የአግኚው መሆኑና ጉዳዩም በዚያው ያበቃ መሆኑ ነው። ከባለ ወረት ገንዘብ የተቀበለ ድርጅት ግን ጉዳዩ ገና መጀመሩ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከድርጅቱ አንዱ ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ይሆናል። ገዢው ብዙ ጊዜ በዲሬክተሮች ቦርድ ውስጥ መቀመጫ ይይዛል፤ ድርጅቱ ሲሸጥ ወይም ሲፈርስ ከመሥራቾቹና ከሠራተኞቹ አስቀድሞ ገንዘቡን የሚያስመልስ፣ ቅድሚያ የሚሰጥ አክሲዮን ሊኖረውም ይችላል። «አገኘ» ከዚህ ሁሉ አንዳችም አይናገርም።

«ሰበሰበ» የሚለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በአማርኛ ገንዘብ የሚሰበሰበው መዋጮ፣ ግብር ወይም ምጽዋት ሲሆን ነው፤ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ተሰበሰበ ስንል ያዋጣው ሰው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። «ድጋፍ አገኘ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ግዢ የነበረውን ስጦታ፣ ገዢ የነበረውን ለጋስ ያደርገዋልና።

ከዚህ ላይ የቋንቋችንን አንድ ጠባይ ማስታወስ ይጠቅማል። አማርኛ ከግሡ በኋላ በሚቀጠሉት «ለት»ና «በት» ድርጊቱ ለማን ጥቅም ወይም በማን ላይ እንደ ሆነ ይለያል፤ «ፈረደለት»ና «ፈረደበት» አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ የግሥ ቅጥያ ስለሌለው የእንግሊዝኛ ዜና ጸሐፊ ይህን ምርጫ በግሡ ላይ ማድረግ አያስፈልገውም። የአማርኛው ጸሐፊ ግን ምርጫውን ሊያመልጥ አይችልም። «ባለ ሀብቱ ገንዘብ አፈሰሰለት» ብሎ ከጻፈ በጎ አድራጊን አሳይቷል፤ «ባለ ሀብቱ ገንዘቡን አፈሰሰበት» ብሎ ከጻፈ ግን ትርፍ ጠብቆ፣ ኪሳራም ሊደርስበት እንደሚችል ዐውቆ ገንዘቡን በሥራው ላይ ያዋለ ሰውን አሳይቷል። ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ የሚተረጉም ጸሐፊ በዚህች በአንዲት ፊደል ሳያስበው ወገን ይለያል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። «ድርጅቱ ከባለቤትነቱ አሥር በመቶ የሚሆነውን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ» ማለት ይቻላል። ገዢውም በስሙ ይጠራል። የተሸጠው ድርሻ መጠን ካልተገለጸ፣ «ምን ያህል ድርሻ እንደ ሸጠ አልገለጸም» ብሎ መጻፍ ይገባል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ለአንባቢ ትልቅ ዕውቀት ናት፤ የሚያጎድልበትን ነገር ታሳውቀዋለችና።

አማርኛ ለዚህ ዐይነቱ ጉዳይ አዲስ አይደለም። መሬቱን ለሌላ ያሳረሰ ሰው «መሬት ሰጠ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ለእኩል፣ ለሲሶ ወይም ለእርቦ መስጠቱ አብሮ ይነገራል። ድርሻው በአነጋገሩ ውስጥ ተካትቷል። ላሙን ለርቢ የሰጠም ሰው ላሚቱን አልለገሰም፤ ከሚወለደው ድርሻ እንዳለው ሰጪም ተቀባይም ጎረቤትም ያውቃል። ገበሬው በሁለት ቃል የለየውን፣ የዘመኑ ዜና ጸሐፊ በሁለት አንቀጽ ሳይለየው ሲቀር፣ ጉድለቱን በቋንቋው ላይ ማሳበብ አይቻልም።

ለ) ስለ ከፋዩ

አሁን የተነሣንበት የዜና ዐይነት አብቦ ያደገው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮና በሲሊኮን ቫሊ አካባቢ ስለ ሆነ፣ ቃላቱ የተወለዱበትን ሁኔታ ለመረዳት ወደዚያው መመልከት ያስፈልጋል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ2005 ማይክል አሪንግተን ቴክክራንች የተባለውን የዜና ማሠራጫ መሠረቱ። ማሠራጫው ስለ አዳዲስ ድርጅቶች በፍጥነት በመዘገብ ታላቅ ተሰሚነት ካገኘ በኋላ በ2010 ኤኦኤል ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። በ2011 መሥራቹ 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያንቀሳቅስ፣ በአዳዲስ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የሚያውል ፈንድ ሲያቋቁሙ፣ ዜና የሚጽፍ ሰው ዜና በሚጻፍባቸው ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይገባልን? የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ አሪንግተንም በዚያው ዓመት ከማሠራጫው ተለዩ። የዚያው ማሠራጫ አዘጋጅ የነበሩት ጋዜጠኛ ሣራ ሌሲ ደግሞ በጥር 2012 ፓንዶዴይሊ የተባለ ሌላ ማሠራጫ አቋቋሙ። ለመነሻ ያዋሉት ገንዘብ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበረ፤ ካቀረቡትም መካከል ማርክ አንድሪሰን፣ ፒተር ቲል፣ ቶኒ ሼይና የአሪንግተን ፈንድ ይገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች ማሠራጫው በየቀኑ ዜና የሚጽፍባቸው የዚያው ዓለም ባለ ወረቶች ነበሩ።

ስሙ ራሱ ለሥነ ቃላት ተመልካች ትምህርት አለው። ፓንዶ በዩታ ክፍለ ግዛት የሚገኝ፣ ግንዶቹ በሺሕ የሚቆጠሩ፣ ሥሩ ግን አንድ የሆነ የዛፍ ስም ነው፤ በላቲን ቃሉ «እዘረጋለሁ» እንደ ማለት ነው። መሥራቿ ስሙን የመረጡት፣ ድርጅቶች ቢደርቁና ቢወድቁም ከሥር ያለው አንድ ሥርወ ሕይወት ሌላ ማብቀሉን እንደማያቆም ለማሳየት ነው። ምሳሌው ያማረ ነው። ሆኖም ጠንቃቃ አንባቢ ሌላ ነገር ያይበታል፤ ጋዜጣው ራሱ ከዚያው ሥር የበቀለ ግንድ ነውና፣ ስለ ጎረቤቱ ግንድ በነጻነት ሊናገር ይችላልን? ለአዲስ የዜና ማሠራጫ ከአንባቢ ሊቀርብለት የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከፋያችሁ ማን ነው?» የሚል መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በፍትሕ መናገር ስለሚገባ፣ ማሠራጫው ዝም አለማለቱንም እንመሰክራለን። የገንዘቡን ምንጭ ከመነሻው በግልጽ አስታውቋል። በ2014 ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመቅጠር ተስማምተው የባለሙያዎችን ደመወዝ አፍነው እንደ ነበረ በሰፊው ጽፏል፤ ከነዚህ ኩባንያዎች አራቱ የቀረበባቸውን ክስ በ2015 በ415 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጨርሰዋል። በዚያው በ2014 የኡበር ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ ሰው፣ ሣራ ሌሲን የመሳሰሉ ነቃፊ ጋዜጠኞችን ጓዳ የሚያስመረምር ቡድን ስለ ማቋቋም በአንድ የእራት ግብዣ ላይ መናገሩ በዜና ወጣ፤ ሰውየውም ይቅርታ ጠየቀ። ማሠራጫው በ2019 ለሌላ ድርጅት ተሸጧል። ከዚህ የምንማረው፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ በግልጽ ቃል መነገሩ ለአንባቢ መመዘኛ የሚሰጠው መሆኑን ነው። አንባቢው ዜናውን ከከፋዩ ጋር እያነጻጸረ ማንበብ ይችላል፤ ሳይነገረው ቢቀር ግን መመዘኛ አይኖረውም።

በአማርኛ ይህን መመዘኛ የሚያጠፋ አንድ ቃል ገብቷል፤ እርሱም «አጋር» ነው። ገንዘብ ያስገባውም አጋር ይባላል፤ ማስታወቂያ ያወጣውም አጋር ይባላል፤ ስለ ራሱ ዜና እንዲጻፍለት የከፈለውም አጋር ይባላል። «አጋር» የሚያስመሰግን ቃል ነው፤ በችግር ጊዜ ከጎን የሚቆምን ሰው ያመለክታል። በዚህ ሥራ ላይ ሲውል ግን ባለ ድርሻውን፣ ደንበኛውንና አስነጋሪውን ያቀላቅላል። «ከእገሌ ጋር በአጋርነት የቀረበ» ከሚለው ይልቅ «እገሌ ከፍሎበት የወጣ ማስታወቂያ» የሚለው አይጣፍጥ ይሆናል፤ እውነቱን ግን ይናገራል።

ሐ) ስለ ባለ አንድ ቀንዱና ስለ ግምቱ

በኅዳር 2013 አይሊን ሊ የተባሉት ባለ ወረት ቴክክራንች ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ2003 ወዲህ በአሜሪካ ከተቋቋሙት የሶፍትዌር ድርጅቶች መካከል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመቱትን ቈጥረው 39 ብቻ ሆነው አገኟቸው። ብርቅ መሆናቸውንም ለማመልከት በተረት ብቻ በሚታወቀው ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ስም ጠሯቸው፤ ስሙም «ዩኒኮርን» ነው። የሙያ ቃል እንዲህ በዜና ማሠራጫ ገጽ ላይ፣ በታወቀ ዓመት፣ በታወቀ ሰው ሲወለድ ማየት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዕድል ነው።

ይህን ቃል «ባለ አንድ ቀንድ» ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ ግን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ዳዊት የደገመ አንባቢ ባለ አንድ ቀንዱን እንስሳ ያውቀዋል፤ በእርሱ ዘንድ ቀንድ የኃይልና የክብር ምልክት ነው፤ እንስሳውም ተረት አይደለም። እንግሊዝኛው «ብርቅ ነው፤ ምናልባትም የለም» ሲል፣ አማርኛው «ብርቱ ነው፤ ከፍ ከፍም ብሏል» ይላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቃሉ በተወለደበት አገር እንኳ ትርጉሙ አልጸናም፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ በዓለም ዙሪያ በዚህ ስም የሚጠሩት ድርጅቶች ከ1,000 አልፈው ነበር። ከሺሕ በላይ የሆነ ብርቅ እንስሳ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን መተርጐም ትተን ፍሬ ነገሩን ብቻ ብንወስድ ይበጃል፤ ፍሬ ነገሩም «1 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ» የሚል ነው።

«የተገመተ» ስንልም ገና አልጨረስንም። የዚህ ግሥ ተገብሮነት ገማቹን ይሰውራል። አሠራሩን በቀላል ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው የወፍጮ ቤቱን አንድ አሥረኛ በ1 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ፣ ሙሉው ወፍጮ ቤት 10 ሚሊዮን ብር ያወጣል ተብሎ ይሰላል። ዐሥሩ ሚሊዮን ግን በባለቤቱም በገዢውም እጅ የለም፤ በእውነት የተላለፈው 1 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው 9 ሚሊዮን በወረቀት ላይ የተደረገ ብዜት ነው። ገዢው ቅድሚያ የሚሰጥ አክሲዮን ገዝቶ እንደ ሆነ ደግሞ ብዜቱ ራሱ የተጋነነ ይሆናል፤ እርሱ የገዛው አክሲዮንና በመሥራቹ እጅ የቀረው አክሲዮን እኩል አይደሉምና። ስለዚህ «የድርጅቱ ሀብት 10 ሚሊዮን ደረሰ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ «ካፒታሉ 10 ሚሊዮን ነው» ማለትም ሐሰት ነው። «ገዢዎቹ በከፈሉት ሲሰላ 10 ሚሊዮን ይገመታል» ማለት ግን እውነት ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የዊወርክ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ድርጅት ሥራው ሕንጻ ለረጅም ዘመን ተከራይቶ፣ ከፋፍሎና አሳምሮ ለአጭር ጊዜ ማከራየት ነበር። በ2018 ከሕዝብ ገንዘብ ለመበደር ባወጣው ሰነድ ላይ «በማኅበረሰብ የተስተካከለ» የሚል ቅጽል ያለው አዲስ የትርፍ መለኪያ ፈጠረ። ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት በሚሰላው በተለመደው መለኪያ ላይ፣ የማስታወቂያንና የአስተዳደርን የመሳሰሉ ወጪዎችንም ሳይቀንስ ቀረ። በ2017 የተጣራ ኪሳራው 933 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በዚህ በአዲሱ ቃል ሲለካ ግን 233 ሚሊዮን ዶላር ያተረፈ መሰለ። «ማኅበረሰብ» የሚለው መልካም ቃል ወጪን ለመሸፈን አገለገለ። በጥር 2019 ድርጅቱ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ በመስከረም ወር አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ያቀረበውን ሐሳብ አነሣ፤ በኅዳር 2023 ከዕዳ ጥበቃ እንዲደረግለት ለፍርድ ቤት አመለከተ። ያ ሁሉ ቢሊዮን አልተሰረቀም፤ አልተቃጠለምም፤ ቀድሞውኑ ገንዘብ ሳይሆን ግምት ነበረ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ነው ሊባል አይችልም። የባንክና የሌላ ድርጅት አክሲዮን ከቁጠባው የሚገዛ ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ጀምሯል። «ተገመተ»ና «አተረፈ»፣ «ድርሻ ሸጠ»ና «ገቢ አገኘ» ሳይለዩ የሚቀርቡለት አንባቢ፣ ነገ ገንዘቡን ይዞ ወደ ገበያ የሚሄደው በእነዚህ ቃላት እየተመራ ነው። ደመወዙ ተቀንሶ በምትኩ የአክሲዮን ተስፋ የሚሰጠው ወጣት መሐንዲስም ውሉን የሚፈርመው በእነዚሁ ቃላት ነው።

መ) ስለ ስሙ

ከዚህ በኋላ ወደ ስሙ ብንመለስ ፍርዳችን የላላ ይሆናል። «ስታርትአፕ»ን «ጀማሪ ኩባንያ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። ትርጉሙ ለጆሮ የቀለለ ቢሆንም ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ ጀማሪ ተማሪ፣ ጀማሪ ሹፌር፣ ጀማሪ ጸሐፊ ስንል ልምድ የሌለውን፣ ገና የሚማረውን ማለታችን ነው፤ «ጀማሪ ነውና ይታለፍለት» የሚል ርኅራኄም አብሮ ይመጣል። መቶ ሚሊዮን ዶላር በእጁ ላለ ድርጅት ግን ይህ ርኅራኄ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ትናንት የተከፈተ ሱቅም ጀማሪ ነው፤ ስታርትአፕ ግን አይደለም። ስቲቭ ብላንክ በ2010 በሰጡት ብያኔ ስታርትአፕ የሚደጋገምና የሚሰፋ የንግድ አሠራር ፍለጋ የተቋቋመ ጊዜያዊ ድርጅት ነው፤ ፖል ግራሃም ደግሞ በ2012 መለያው ፈጣን ዕድገት እንደ ሆነ ጽፈዋል። በሁለቱም ዘንድ ቁም ነገሩ የዕድሜው ማነስ ሳይሆን የአሠራሩ ዐይነት ነው።

ስለዚህ ባዕዱን ስም ከነብያኔው መቀበል፣ የሚያሳስት አገርኛ ስም ከመስጠት ይሻላል እንላለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «አክሲዮን» የሚለውን ከፈረንሳይኛ ጋር የሚጋራውን ቃል ሲጠቀም፣ ቃሉን በአንቀጽ በአንቀጽ እየበየነና መብትና ግዴታውን እያስቀመጠ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣውም የንግድ ሕግ ቃሉን አልለወጠውም። ዛሬ «አክሲዮን» ለማንም እንግዳ አይደለም። ባዕድ ስም ሕግና ብያኔ ካገኘ አገሩን ይለምዳል፤ «ስታርትአፖች»፣ «የስታርትአፑ» እየተባለ በአማርኛ ሰዋስው መረባቱም የመልመዱ ምልክት ነው።

በአንጻሩ፣ ሥራ ፈተው የተቀመጡ የራሳችን ቃላት አሉ። ከእነርሱም አንዱ «ወረት» ነው። ወረት ነጋዴ የሚነሣበት ገንዘብ ነው፤ ደግሞም ለአዲስ ነገር የሚያድር፣ ቶሎ የሚበርድ ፍቅር ነው። አንድ ቃል የመነሻ ገንዘብንና የሚያልፍ ጉጉትን አብሮ መሸከሙ ለዚህ ሙያ የተመደበ ያስመስለዋል። «ገንዘብ የማቃጠል ፍጥነት» እየተባለ ቃል በቃል የሚተረጐመውም ሐረግ፣ በገበያ ቋንቋ «ዋናውን መብላት» ይባላል፤ ነጋዴው ትርፉን ትቶ ከመነሻው ገንዘብ መኖር ሲጀምር ጎረቤቱ የሚናገረው ይህንኑ ነው። «ማቃጠል» ጀግንነት ሊመስል ይችላል፤ «ዋናውን መብላት» ግን ማንንም አያታልልም።

ሠ) ስለ አንባቢው

ከላይ ባቀረብነው መሠረት፣ ለዜና ጸሐፊዎች የሚከተሉትን እንጠቁማለን።

ስታርትአፕ፦ በፍጥነት ሊሰፋ የሚችል የንግድ አሠራር ለመፈለግ የተቋቋመ ድርጅት። «ጀማሪ ኩባንያ» በምትኩ አይግባ።

ወረት፦ ሥራ የሚነሣበት ወይም የሚሰፋበት ገንዘብ። ባለቤቱ «ባለ ወረት» ይባላል።

ድርሻ ሸጠ፦ ድርጅቱ ከባለቤትነት ቆርሶ በገንዘብ ሲለውጥ። «አገኘ»፣ «ሰበሰበ»፣ «ድጋፍ ተደረገለት» በዚህ ቦታ አይግቡ። የተበደረ ከሆነ «ተበደረ»፣ የተሸለመ ከሆነ «ተሸለመ» ይባል።

የግምት ዋጋ፦ ከተሸጠው ድርሻ ተነሥቶ ለሙሉው ድርጅት የተሰላ ዋጋ። ሁልጊዜ ከገማቹ ጋር ይጠቀስ።

ባለ ቢሊዮን ግምት፦ የግምት ዋጋው ከ1 ቢሊዮን ዶላር የበለጠ፣ አክሲዮኑ በአደባባይ ገበያ ያልቀረበ ድርጅት።

ዋናውን መብላት፦ ወጪን ከገቢ ሳይሆን ከወረት መሸፈን። በወር ምን ያህል እንደ ሆነ ይገለጽ።

መሥራቹ ድርሻውን ሸጠ፦ «መውጫ» እየተባለ ለሚተረጐመው። «መውጣት» ማምለጥንም መሸነፍንም ሊያስመስል ይችላልና።

እነዚህ ጥቆማዎች ናቸው እንጂ አዋጅ አይደሉም። የቃላት ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ መርምሮና ወስኖ እስኪያሳትም ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ዛሬ የምንነጋገርባቸው ቃላት አብዛኞቹ ገና ወደ አማርኛ አልገቡም ነበር። የዚህ ሙያ ቃላት ደግሞ በየወሩ ይወለዳሉ። ስለዚህ ፈጣኑ ፈታኝ አንባቢው ነው። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጽፍ አንባቢ ላለማወቁ የሚታዘንለት ሰው አይደለም፤ ጸሐፊው ያላስተዋለውን ስንጥቅ ያየ ምስክር ነው። አዲስ የሚቋቋም የዜና ማሠራጫ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ተቀብሎ ቢያኖር፣ መልሱንም በየጊዜው ቢያወጣ፣ ለአንባቢዎቹ ብቻ ሳይሆን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ከፍ ያለ ውለታ ይውላል። የትኛው ቃል እንደሚያሳስት ከጽሕፈት ቤታችን ተቀምጠን ከምንገምተው ይልቅ፣ የተሳሳተው አንባቢ ቢነግረን እንመርጣለን።

የዜና ማሠራጫው ይህን ሥራ ከራሱ ሊጀምር ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እትሙ ላይ፣ ከሰላምታውና ከዓላማው ቀጥሎ፣ «ሥራችንን የጀመርነው እገሌና እገሌ ባስገቡት ይህን ያህል ብር ነው፤ በምላሹ ይህን ያህል ድርሻ ሸጠንላቸዋል፤ ስለ እነርሱ ወይም ገንዘባቸው ስላለበት ድርጅት በጻፍን ቁጥር ይህን በዚያው ዜና ውስጥ እንናገራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ያኑር። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አገኘን» የሚል ግሥ የለም፤ «አጋር» የሚል ስምም የለም። ስለ ራሱ እንዲህ አድርጎ መጻፍ የቻለ ጋዜጠኛ ስለ ሌላውም እንዲሁ መጻፍ አያቅተውም።